ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሐር

የመጀመሪያውን የናይለን ሸሚዝ ያየሁት ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከድሬዳዋ ቡና ሊጭን በመጣ አንድ ሾፌር ገላ ላይ ነው። ሸሚዙ ነጭ ነበር፤ ነጭነቱ ግን እንደኛ ነጠላ ወተት ወተት የሚል አልነበረም፤ ሰማያዊ ነገር ከውስጡ ያበራበት ነበር። ሾፌሩ ሰው ሲከበው ደስ አለው። ሸሚዙን አወለቀና በጣሳ ውሃ ደፋበት፤ አንዴ ጠመዘዘው፤ የመኪናው በር ላይ ሰቀለው። የያዘውን ጫት ቅሞ ሳይጨርስ ሸሚዙ ደረቀ። መልሶ ሲለብሰው አንድም ጭምድድ አልነበረበትም።

«አያችሁ? ካውያ የለ፣ አጣቢ የለ፣ ሚስት የለ!» አለ።

«ወሪያ፣ ታዲያ ማታ ሸሚዝህን አቅፈህ ተኛ!» አለችው ቲማቲም የምትሸጥ ሴት። የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን ከሸሚዙ ላይ መንቀል አቃተኝ። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ወደ ከተማው የሚገባ አዲስ ነገር ሁሉ ለኔ የተላከ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው። ያነበብኩትን ያነበብኩት ስኳርና ሚስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ግጥም የምሞክረው ደግሞ የልብስ ልክ በምቀድበት ወፍራም ወረቀት ላይ ስለነበረ፣ ብዙዎቹ ግጥሞቼ የብብትና የሱሪ ኪስ ቅርጽ እንደያዙ ቀሩ።

አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ስበላም ስጸልይም እግሬ ይወዛወዛል። እናቴ «ይሄ እግርህ ወይ ሥራ ያገኛል ወይ እኔን ያሳብዳል» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ላይ። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደውን፣ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበትን ጠባብ መንገድ የሐረር ሰው መኪና ግርግር ይለዋል። ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት የተነሳ እዚያ ሲቀመጡ የሰውን ወሬ በከንፈር እንቅስቃሴ መስማት ይለመዳል። ቀኑን ሙሉ እየሮጥኩ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ የዋልኩበት መንገድ ነው።

መኪናዬን የማቆመው አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ኣይ ይላቸዋል፤ አሮጌውን ከተማ በከበበው ግንብ ውስጥ በሚኖሩት ሰዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን የያዙት ብቻቸውን ነው። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ለገጠር ሴቶች የሚሆን አበባ ያለበት ጨርቅ ይሸጣሉ። ጨርቁን በክንዳቸው ይለካሉ፤ ገዢውን በዓይናቸው። አንድ አዲስ ጣቃ ሲመጣላቸው ጫፉን በጣታቸው አሽተው፣ ወደ ብርሃን አንስተው፣ አንዳንዴም ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው «ይሄ ሁለት ዝናብ አይችልም» ይሉና ይመልሱታል። እኔ የሰፋሁትንም እንዲሁ ያገላብጡታል።

«ይሄ ኪስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ቀጥ ብሏል እኮ ኣይ።»

«ቀጥ ብሏል፤ ወደ ጎን ነው እንጂ ቀጥ ያለው። ግጥም እያሰብክ ነው የሰፋኸው። ፍታው!»

ፈትቼ እሰፋለሁ። ሲቆጡ ከሚያመኝ ይልቅ ዝም ሲሉኝ ነበር የሚያመኝ፤ ደግነቱ ዝም አይሉም።

ያን ሁሉ ጨርቅ የመረመረ ዓይን ያልመረመረው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። እቤታቸው፣ ከመኝታቸው ራስጌ ባለው ሳንዱቅ ውስጥ፣ ብል እንዳይበላው ቅርንፉድ ተነስንሶበት የተቀመጠ ሐር ነው። ደማቅ ቀይ ሆኖ ቀጭን ወርቅማ መስመር አለው። ባላቸው ቡናና ቆዳ ነጋዴ ሳሉ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ ከዓደን ወደብ ለሠርጋቸው ያመጡላቸው ነው። በነሱ ቤት ልማድ ሙሽራና ሙሽሪት ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው የሚለብሱት። ለኣይ ቀሚስ ሆነ፤ ለባላቸው ጥምጥም። የተረፈው «ለልጅ ልጃችን» ተብሎ ሳንዱቅ ገባ። ባልየው ጥምጥሙን እስኪሞቱ ድረስ በየጁሙዓው ሲጠመጥሙት ኖሩ። ኣይም «ባሌ እኮ ሐር ነው የሚጠመጥመው፤ የሠርጋችንን ሐር!» እያሉ ለሰማም ላልሰማም ያወሩ ነበር።

የልጅ ልጃቸው ልታገባ መሆኑን የሰማሁት ሳንዱቁ ሲከፈት ነው። ልጅቷ ከግንቡ ውጪ በአዲሱ ከተማ የተማረች፣ መልሷ ከጥያቄው የሚቀድም ልጅ ነበረች። የምታገባው ከሐረር አለፍ ካለው ደጋ ቡና የሚያወርዱ የአንድ ሐጂ ልጅ ነው። ኣይ ጣቃውን በነጭ አንሶላ ጠቅልለው ሱቅ ድረስ አምጥተው መኪናዬ ላይ አስቀመጡት።

«እጅህን ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«ድገም።»

ደግሜ ታጠብኩ። ጨርቁን ስዘረጋው ውሃ የፈሰሰ መሰለኝ። ቀሚሱ ለሙሽሪት፣ ሰደርያው ለሙሽራው እንዲሆን ተነጋገርን። ሰደርያ ከሸሚዝ በላይ የሚደረብ እጅጌ የሌለው ነው፤ የሐረር ሙሽራ ያለሱ አያምርበትም። ሰው ሐር ሲያወድስ እሰማለሁ እንጂ እኔ እስከዚያ ቀን ሐር ሰፍቼ አላውቅም ነበር። ቀሚሱን በፍርሃት ቆረጥኩት።

ቀሚሱ ተገባዶ ሳለ የሙሽራው አባት ሱቅ መጡ። ሐጂው ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃላቸውን እንደ ቡና ፍሬ እየለቀሙ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ቀሚሱን አዩት፤ «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሴቷ ትልበስ፤ ያምርባታል። ወንዱን ልጄን ግን በኒካሁ ቀን ሐር አላለብሰውም። ለወንድ ሐራም ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«በኛ ቤት ከአንድ ጣቃ ነው ልማዱ» አሉ ኣይ።

«ሀዬ። ልማድ ጥሩ ነው። ሐር የሌለበት ልማድ ፈልጊ።» ሐጂው ሊነሱ ብለው ምርኩዛቸውን ያዙ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ባልሽም ለብሶት ነበር። አላህ ይማረው።»

አላህ ይማረው ለሞተ ሰው ሁሉ ይባላል። ሐጂው ያሉት ግን በእውነት ምሕረት ለሚያስፈልገው ሰው እንደሚባል ነበር። የኣይ ፊት ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ አየሁ። ሐጂው ከሄዱ በኋላ ኣይ ረጅም ጊዜ ክር ሲያጠነጥኑ ቆዩ፤ ክሩ ግን ቀድሞውኑ የተጠነጠነ ነበር።

«በየጁሙዓው ዳቦና ተምር ይዤ መስጊድ ደጃፍ የምሄደው ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ ድንገት።

«ሰደቃ ነዋ።»

«ሰደቃ ነው፤ ለሱ ነፍስ የማወጣው። በሕይወት ሳለ ይሄ ሐር ኩራቴ ነበር። አንዳንዴ ‹ሰውዬ፣ ሐር ጠምጥመህ ስትሰግድ አትፈራም?› ስለው ይስቅና ‹ለኔ አትፍሪ› ይለኛል። ለኔ ብሎ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ሲሞት ግን ፈራሁ። ለኔ ብሎ የለበሰውን እዚያ እየተጠየቀበት ቢሆንስ? ለማንም አልተናገርኩም። ሐጂው አሁን አፍ አውጥቶ ተናገረው።»

እኔ የመድኃኔ ዓለም ደብር ልጅ፣ እሳቸው ሙስሊም፤ የማጽናኛ ቃላችን የተለያየ ነው። ክሩን ከእጃቸው ተቀብዬ አብሬያቸው ማጠንጠን ጀመርኩ።

በማግስቱ ኣይ ወደ ድሬዳዋ ሰው ላኩ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ሙሽሪት ሐሩን ትለብሳለች፣ ሙሽራው ሐሩን የሚመስል ሐር ያልሆነ ነገር ይለብሳል፣ ከሩቅ ሲታዩ ከአንድ ጣቃ ይመስላሉ፣ ሐጂውም ዝም ይላሉ። የተላከው ሰው ሽንኩርት በተጫነበት መኪና ላይ ቀይ ናይለን ይዞ ተመለሰ። ከቀሚሱ አጠገብ ስናስቀምጠው ቀዩ ለቀዩ ቀረበ፤ የወርቅማው መስመር ብቻ የለውም። ለአንድ ሰደርያ የሚበቃ ነበር፤ ከዚያ የሚተርፍ አልነበረም።

ያን ናይለን እንዴት እንደሰፋሁት እኔ አውቃለሁ። አሳ እንደመስፋት ነው። ከመቀሱ ሥር ይሾልካል፤ የተቆረጠው ጫፍ ወዲያው ይተረተራል፤ መርፌው ሲሞቅ ክሩ ይበጠሳል። ስጎትተው ይንጣጣል፤ የክንዴን ፀጉር ሁሉ ያቆመዋል። የሳንዱቁ ጨርቅ ግን እንዳጠፉት የሚታጠፍ፣ እንዳሳረፉት የሚያርፍ ነበር። ያም ሆኖ ናይለኑን አልጠላሁትም። ድፍረቱ ደስ ይለኝ ነበር። አባትና እናት የሌለው፣ ከፋብሪካ በቀጥታ ወደ ሐረር የመጣ፣ ማንንም የማይፈራ ቀይ ነው። ሙሽሪት ደግሞ ከኔ ብሳ ወዳዋለች።

«እኔ ነኝ ይሄን መልበስ የነበረብኝ! ይሄ አዲስ ነው። የኔ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ወጥ ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ።»

«ዝም በይ!» ይሏታል ኣይ። «ሐር የለበሰች ሴት እኮ ነሽ።»

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰደርያው አለቀ። ቁልፉን ተክዬ አንጠልጥዬ ሳሳያቸው ኣይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካውያውን አቀጣጥል።»

«ኣቦ ኣይ! ናይለን እኮ ካውያ አይፈልግም!» አለች ሙሽሪት።

«ካውያ ያልነካው ልብስ ለሙሽራ? ከሜዳ ነው ያነሳነው ሊባል ነው?»

እኔም የሾፌሩን ሸሚዝ አስታውሼ አንድ ሁለት ቃል ተናገርኩ። «አንተ ኪስ ቀጥ አድርገህ ስፋ፤ ካውያ ለኔ ተወው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ካውያ የሳቸው ነበር። የከሰሉን አመድ እፍ ብለው አራገፉ፤ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው የብረቱን ሆድ ነኩ፤ ቺስ አለ። የሚወዱትን ልብስ ሁሉ ሲተኩሱ የኖሩት እንዲህ ነው። ሰደርያውን በጀርባው ዘርግተው ካውያውን አሳረፉበት።

ድምፅ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የከፋ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ፣ የሚበላም የሚለበስም ነገር የማይሸተው ሽታ። ኣይ ካውያውን ሲያነሱት ሰደርያው አብሮ ተነሳ። ቀዩ ናይለን ቀልጦ እንደ ማር እየተሳበ ከብረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ጀርባው መሐል ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው መስኮት ተከፈተ።

ሙሽሪት ሳቀች፤ ከዚያ የኣይን ፊት አይታ አቆመች።

ኣይ ዱካ ላይ ተቀመጡ። «አየህ» አሉኝ፤ «አላህ ከዚህ ጣቃ ነገር ሊያወጣኝ ፈልጎ ነው። ሙሽራው ነጭ ይልበስ። ልማዱም እኔ ላይ ያብቃ። ባሌንም… አላህ ይማረው።» ሐጂው ያሉትን ቃል ራሳቸው ሲደግሙት መስማት ከበደኝ።

የኛ ቤት ፈላና በር አጠገብ ነው። አያቴ ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር የገቡ ወታደር ነበሩ፤ ከሳቸው የተረፈን አንድ ግቢና ብዙ ወሬ ነው። እናቴ የምትተዳደረው የማተብ ክር በመግመድ ነበር። ሕፃን ክርስትና ሲነሳ አንገቱ ላይ የሚታሰረውን ማተብ ከሐር ክር እየገመደች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትሸጣለች። ያን ሰሞን የምትማረረውም በናይለን ነበር፤ የክር ነጋዴዎቹ ናይለን ከሐሩ ጋር ይቀላቅሉባታል። «ሐር ላብ ይጠጣል፤ አንገት ላይ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ከሰውየው ጋር ያረጃል። ይሄ ግን ሰውየው ሞቶ እሱ ያብለጨልጫል!» ትላለች። ስለዚህ ክር ከመግዛቷ በፊት ጫፉን በጧፍ ነበልባል አስነክታ ታሸተዋለች።

ያን ዕለት የተቃጠለውን ሰደርያ ይዤ ገባሁ። ልትስቅ እንደምትችል ስላወቅሁ አሳየኋት፤ ሳቀችም። «ይሄማ ፕላስቲክ ነው። ሴትዮዋ ሳፋ ነው የተኮሱት።» ጧፏን አበራችና ከሰደርያው ክር መዝዛ አቃጠለች፤ ክሩ ተኮማትሮ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆነ። ከራሷ የማተብ ክር አንድ ዘለላ አስከተለች፤ ተጠቅልሎ ወዲያው ጠፋ፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ አመዱን ስትነካው በጣቷ መሐል ደቀቀ። «ሐር ይሄ ነው። ነፍስ ካለው ነገር ስለሚወጣ እንደ ገላ ይሸታል።»

ኪሴ ውስጥ ከሙሽሪት ቀሚስ የተረፈች ቁራጭ ነበረች። ለመኩራት ብዬ አወጣኋት። «እንግዲያ የኣይን ሐር አሽቺ።»

እናቴ ክር መዝዛ ወደ ጧፉ አስጠጋችው። ነበልባሉ ቦግ ብሎ ክሩን እስከ ጣቷ ተከትሎ ወጣ። አልተጠቀለለም፤ አልቀለጠም። የቀረው ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ሽታው የፀጉር አልነበረም፤ የፕላስቲክም አልነበረም። ወረቀት ነበር። እኔ ብዙ ጋዜጣ አንብቤ ምድጃ ውስጥ የጣልኩ ነኝ፤ ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

እናቴ ሁለተኛ ክር አቃጠለች። ሦስተኛም።

«ይሄ ሐር አይደለም» አለች በቀስታ። «ጣሊያን ጊዜም ይመጣ ነበር። ከእንጨት ነው የሚሠሩት ይሉ ነበር። ያምራል፤ ይለሰልሳል፤ የሐር ትል ግን አላየውም።»

ቁራጯን ከእጇ ነጠቅኳት። መጀመሪያ ያሰብኩት መደበቅ ነበር። ኣይ በዚያ ሐር ስንት ዘመን ኮርተውበታል! ከባላቸው የቀራቸውን ነገር እንዴት አድርጌ በጧፍ አጠፋባቸዋለሁ? ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል እናቴ ክሯን እየገመደች በዓይኗ ተከተለችኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ የጁሙዓውን ዳቦና ተምር፣ የሐጂውን ቃል፣ ፍርሃታቸውን።

«እስቲ ቁም» አለችኝ። «የሴትዮዋ ጭንቀት ሐሩ ነው ወይስ ባላቸው?»

«ባላቸው።»

«ሐር ያልጠመጠመ ሰው በሐር ይጠየቃል?»

ቆምኩ። እግሬ ሳይቀር ቆመ።

«ነገ እኔ እሄዳለሁ» አለች። «አንተ ከጀመርከው በግጥም ነው የምትነግራቸው፤ ሠርጉ ያልፋል።»

በማግስቱ ጧት ጧፏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከኔ ጋር መጣች። ሁለቱ ሴቶች ከሩቅ ከሚለዋወጡት ሰላምታ በቀር ተቀምጠው ተጫውተው አያውቁም ነበር። ኣይ ወንበር አቀረቡላት፤ ጧፉ ሲወጣ ሲያዩ ግን ቅንድባቸው ተነሳ።

«ሱቄን ልታጠምቂው ነው?»

«ኧረ የለም፤ ላቃጥለው ነው» አለች እናቴ። ሳቁ። ሙሽሪትም ከውስጥ ወጥታ መጣች።

እናቴ ብዙ አልተናገረችም። የማተቡን ክር አቃጠለች፤ አሸተቱት። የናይለኑን አቃጠለች፤ አሸተቱት። ኣይ «ትናንት ከበቂ በላይ አሽትቻለሁ» ብለው አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ እናቴ «ካልከፋዎት ከሐሩም አንድ ክር ይስጡኝ» አለች።

ኣይ አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሳንዱቅ ተመልሶ ሊገባ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው ከጠርዙ አንድ ክር በጥፍራቸው መዘዙ። በዚያ ጨርቅ ላይ ጥፍራቸውን ሲያሳርፉ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ክሩን ራሳቸው ያዙት፤ ራሳቸው ወደ ጧፉ አስጠጉት። ቦግ አለ። ጣታቸውን እስኪነካቸው ያዙት። ከዚያ አመዱን አሸተቱ።

«ወረቀት» አሉ።

መንገዱ ላይ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ይጮሃሉ።

«ታዲያ ቀሚሴ ሐር አይደለም ማለት ነው?» አለች ሙሽሪት።

ኣይ አልሰሟትም። ጨርቁን እያዩ ነበር። «ኮፊያ ሰፍቼለት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ዘርፉን ከሐር ክር አደረግሁለት። ሳይነግረኝ መቀስ አንስቶ ዘርፉን ቆርጦ ጣለው፤ ሐር ነው ብሎ። የወርቅ ቀለበት ሲሰጡት፣ ወርቅም ለወንድ ሐራም ነው ብሎ፣ ለኔ ነው ያደረገልኝ። እንዲያ ያለ ሰው ነው ይሄን በየጁሙዓው ጠምጥሞ የሰገደው።» ቀና አሉ። «ያውቅ ነበር! ገዝቶ ያመጣው እሱ አይደለም? ያውቅ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ለምን ሐር ነው አለዎት?» አልኩ ሳላስበው።

«እሱ መች አለኝ?» ኣይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጨርቁን ሲዘረጋልኝ ‹ሐር! ሐር አመጣልኝ!› ብዬ ቤቱን በእልልታ የሞላሁት እኔ ነኝ። እሱ ቆሞ ያየኝ ነበር። ደስታዬን ሊቆርጠው አልፈለገም። ከዚያማ ለከተማው ሁሉ አወራሁት፤ በየት በኩል ይንገረኝ?»

መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዕንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ሱብሃነላህ! አንተ ሰውዬ! ‹ለኔ አትፍሪ› ይለኛል! ሞተህ እንኳን ስፈራልህ ኖርኩ፤ ይሄ አስመሳይ!» እናቴም ዕንባዋ መጣ፤ የሷ ባል፣ አባቴ፣ በምን ትዝ እንዳላት አላውቅም። ኣይ እጇን ያዙና «አንቺ ሴት፣ ባሌን ከእሳት አወጣሽልኝ» አሏት። እናቴ «ኧረ እኔስ እሳት ውስጥ ከተትኩት» አለች፤ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴም ኣይን አንቺ ማለት ጀመረች።

«የኔ ቀሚስስ?» አለች ሙሽሪት።

«አዲስ ነገር እፈልጋለሁ ስትዪ አልነበር? ይኸው፣ የፋብሪካ ነው። ልበሺ!» ወደኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትገተራለህ? ቁረጥ! ሰደርያው ከዚሁ ጣቃ ነው። ኪሱ ደግሞ ወደ ጎን ይሂድና አሳይሃለሁ።»

ቆረጥኩ። እጄን ድገም ያለኝ የለም፤ ግን ራሴ ደግሜ ታጠብኩ። ጨርቁን ስሰፋው ከቀድሞው ይልቅ ወደድኩት። ሐር መስሎኝ ስፈራው የነበረውን ያህል አሁን ላየው ፈለግሁ። እንጨት ነበር፤ ሰው ክር አደረገው። ክር ሆኖ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ አንዲት ሙሽራ ሐር ስትለው ሐር ሆኖ ኖረ። አንገቴ ላይ ያለው ማተብ እውነተኛው ሐር ነበር፤ ላቤን ጠጥቶ ጠቁሯል። ጨርቁን አንገቴ ላይ አስጠግቼ ሁለቱን በጣቴ ዳሰስኳቸው። ይለያያሉ። ሐሩ ሲይዙት መልሶ እጅን የሚይዝ ነገር አለው፤ ያኛው ቀዝቅዞ ያልፋል። እንዴት ቀድሞ ሳላስተውለው ቀረሁ ብዬ ገረመኝ። ኣይስ? ጨርቅ ሁሉ የመረመሩት ኣይስ? የሚወዱትን ሰው ስጦታ ማን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው ከነሰደርያው ሲገባ ሐጂው ከተቀመጡበት ተነሱ። ወርቅማውን መስመር አዩ። ቀሚሱን አዩ። ምርኩዛቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ወደ ልጃቸው ሄዱና የሰደርያውን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙት።

«ይሄ ምንድነው? ምን ተነጋግረን ነበር?»

ኣይ ከሴቶቹ በኩል መጥተው የክብሪት ሳጥን ዘረጉላቸው።

«ከውስጥ በኩል ክር ይምዘዙ ሐጂ። ያቃጥሉት።»

«በሠርግ ቀን?»

«በሠርግ ቀን። ዛሬ ካላቃጠሉት ነገ በኔ ላይ ያቃጥሉታል።»

ሐጂው ክር መዘዙ። ክብሪት ጫሩ። ሽታውን ቀስ ብለው፣ እንደ ቡና ናሙና፣ አሸተቱት። አመዱን በአውራ ጣታቸው አሹት። የገባቸው ወዲያው አልነበረም፤ ሲገባቸው ግን ከፊታቸው አየሁት።

«ሀዬ» አሉ። «ሐር አይደለም። የባልሽስ… ያ ጥምጥም?»

«ከአንድ ጣቃ» አሉ ኣይ። «እርስዎ ቆመው ያዩት ያው ጥምጥም።»

ሐጂው አንገታቸውን ደፉ። «በክፉ አንስቼው ነበር። አፉ በይኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «አላህ ይማረው!» አሉ። ይሄኛው ለማንኛውም ደግ ሰው የሚባለው ነበር። እንግዳው በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። ሙሽሪት በዚያ ሁሉ መሐል ወደኔ ዞራ ቀሚሷን አሸተተችና አፍንጫዋን ሸበሸበች፤ ቅርንፉዱ አልለቀቀም።

ቀጣዩ ጁሙዓ ላይ መኪናዬን ዘይት እየቀባሁ ሳለ ኣይ ከሱቁ ወጡ። ክንዳቸው ላይ እንደ ወትሮው ዳቦና ተምር የሞላ ቅርጫት አንጠልጥለዋል። ግራ ገባኝ።

«ኣይ፣ አሁንስ ሰደቃው ለምንድነው? የጠመጠመው ሐር አልነበረም እኮ።»

ቆሙ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ሙሽሪት ሳቋን ስትደብቅ የምታሳየው ዓይነት ነበር።

«ከሐሩማ ድኗል» አሉ። «ይሄ ስላልነገረኝ ነው። እሱን እኔ ገና አልማርኩትም።»

ቅርጫታቸውን ይዘው በመኪናው ግርግር መሐል ቁልቁል ወደ መስጊዱ ወረዱ። የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ሳቃቸውን ስለዋጠው አልሰማሁትም እንጂ ከጀርባ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።